«ሆድ ይፍጀው» ማለት ጥንካሬ ነውን?

በአገራችን አንዲት እናት ልትመሰገን ሲፈለግ ከሚነገሩላት ቃላት ሁሉ የሚበልጠው «ቻይ ናት» የሚለው ነው። ደመወዝ ከወር ወር አልደርስ ቢላት ቻለች፤ ልጅ ታሞባት ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ሳትከድን አድራ በማግሥቱ ከሥራ ገበታዋ ላይ ብትገኝ ቻለች ይባላል። «እንዴት አድርገሽ ቻልሽው?» ብሎ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። ጠያቂ ቢገኝም መልሷ አብዛኛውን ጊዜ «ተዪው እባክሽ፣ ሆድ ይፍጀው» የሚል ይሆናል።

ውድ አንባቢዎች፣ ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ስለ «ሆድ ይፍጀው» ነው። ለመሆኑ ችግርን ውጦ ዝም ማለት ጥንካሬ ነውን?

ይህን ጥያቄ ሳነሣ በመጀመሪያ ትዝ የምትለኝ እናቴ ናት። እናቴ በልብስ ስፌት መኪና አምስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። አባታችን ሲያርፍ የመጨረሻው ወንድሜ ገና ዳዴ ይል ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ «የእሷ ልብ ከብረት የተሠራ ነው» ይላት ነበር። እኔ ግን ቤት ውስጥ የማየው ሌላ ነገር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ልብስ ቢቸኩልም ባይቸኩልም መኪናዋን በጨርቅ ትሸፍንና ቡና ታፈላለች። ሁለት ጎረቤቶቿ ይመጣሉ፤ እኛ ልጆች ወደ ውጭ እንባረራለን። በመስኮት የሚሰማን አንዳንዴ ሣቅ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ የቤት ኪራዩ፣ ዕዳው፣ የልጆች ነገር ሁሉ ይወራል። ቡናው ሲያበቃ አንደኛዋ «ሰኞ ትንሹን ጤና ጣቢያ እኔ እወስድልሻለሁ» ትላለች፤ ሌላዋ ዕቁቧን ስታወጣ ልታበድራት ቃል ትገባለች። እናቴም ፊቷን ታጥባ መኪናዋን ትገልጥና ሥራዋን ትቀጥላለች።

የእናቴ ልብ ከብረት የተሠራ አልነበረም። ሸክሟን የምታካፍላቸው ሁለት ሰዎችና ለማንም የማትሰጠው አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ግን ነበራት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ተረት በእኛ ቤት በየሳምንቱ ይፈጸም ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አይቻለሁ። አንዲት ጎረቤታችን በገንዘብ ተቀባይነት ትሠራለች። ባለቤቷ ከሥራ ከተቀነሰ ሰባት ወር ሲሆነው ከእነሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት እሱም ሥራ እንደሚሄድ ሰው ለብሶ አብሯት ይወጣል። እሷ ማታ ማታ እንጀራ እየጋገረች ለሱቅ ታስረክባለች፤ ሂሳብ ስትደምርና ስትቀንስ ይነጋባታል። በዕድር ስብሰባም ሆነ በደረጃ ላይ ስንገናኝ መልሷ አንድ ነው፤ «ተመስገን፣ ደኅና ነን»።

አንድ ቀን ምሽት የስድስት ዓመት ልጇ ወተት ደፋባት። እጇ የገባውን አንሥታ ስትመታው ጩኸቱ ከታችኛው ፎቅ ድረስ ተሰማ። ደርሰን ስንገባ እናቲቱ ከልጁ ይበልጥ እየተንቀጠቀጠች ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔ አልመታሁትም፤ እጄ ነው የመታው» አለችን። የሰባት ወር ነገር ያን ሌሊት በአንድ ጊዜ ወጣ።

ይህችን ሴት ክፉ እናት የሚላት ቢኖር ተሳስቷል። ለልጆቿ ስትል ነበር እንቅልፏን ያጣችው። ነገር ግን ሆድ የፈጀው የመሰላት ጭንቀት አልተፈጀም፤ ተጠራቅሞ ሌላ መውጫ ይፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ጭንቀት ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በደከመው፣ ማለትም በልጅ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ችግሩ በአንድ ቀን አልተፈታም። ሆኖም ነገሩ ከታወቀ በኋላ ከጎረቤቶች አንዷ ልጁን ከራሷ ልጆች ጋር ከትምህርት ቤት ታመጣው ጀመር። እንጀራዋን ከሱቁ ይልቅ የሕንፃው ነዋሪዎች በቀጥታ ይገዟት ጀመር። ባልየውም የሚደብቀው ነገር ስላልነበረ ጠዋት ከቤት መውጣቱን ትቶ ምሳ የሚያበስልና ልጆች የሚያጥብ ሆነ። ሥራ ያገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ አራት ወሮች ውስጥ ግን ሴትዮዋ ሌሊት ትተኛ ነበር።

«መነጋገር ብቻውን ምን ይፈይዳል?» የሚል ቢኖር ከዚሁ ከአፍሪካችን አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በሚባለው ሰፈር፣ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ከ14 አረጋውያን ሴቶች ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው ያነጋግራሉ። ስሙም «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» ተባለ። በሾና ቋንቋ ይህ ዓይነቱ ጭንቀት «ኩፉንጊሲሳ» ይባላል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ በዛብኝ» እንላለንና ነገሩ ሩቅ አይደለም። አያቶቹ በመጀመሪያ ያዳምጣሉ፤ ቀጥሎም ባለጉዳዩ ችግሮቹን አንድ በአንድ እንዲቆጥርና ከእነሱ መካከል አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ለዚያ ለአንዱ መላ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ 573 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት እንዳመለከተው፣ በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የጭንቀትና የድብርት ምልክታቸው የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል።

ለልጆቻችንም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኤሚ ወርነር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቻቸው በሐዋይ ካዋይ በምትባለው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትለዋል። ከልጆቹ መካከል በድህነትና በቤተሰብ ጠብ ውስጥ ያደጉት ብዙዎች ነበሩ። ከእነዚህ ከተጎዱት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግን ብቁና ለሰው የሚያስቡ ሰዎች ሆነው አድገዋል። በእነዚህ ልጆች ሕይወት ውስጥ ጎልቶ የታየው አንዱ ነገር ቢያንስ አንድ የሚያምኑት፣ የማይለያቸው ትልቅ ሰው መኖሩ ነበር። ያ ሰው እናት፣ አያት፣ አክስት ወይም አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ጽናት በሰው ልጅ ላይ የሚያድገው ከሰው ጋር ነው ማለት ነው።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ሌሊት በራስ ውስጥ የሚዞረውን ሐሳብ ከመኝታ በፊት በወረቀት ላይ አስፍሩት። ከዚያ ውስጥ ነገ በእጃችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን አንዱን ምልክት አድርጉበት። የቀረውም ተራውን ይጠብቅ። ሁለተኛ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ምረጡ። ለሁሉ ማውራት አያስፈልግም፤ ለማንም አለመንገር ግን አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ እርዳታ ስትጠይቁ ነገሩን ለይታችሁ ጠይቁ። «ተቸግሬአለሁ» ከማለት «ማክሰኞ ልጄን አንድ ሰዓት ያዢልኝ» ማለት ለሰሚውም ይቀላል። አራተኛ፣ ከሳምንቱ ውስጥ ለራሳችሁ የምትሆን አንዲት ሰዓት ለዩ። የቤት ሥራ አያልቅምና ሥራው እስኪያልቅ ብትጠብቁ ያቺ ሰዓት አትመጣም።

እዚህ ላይ ለአባቶች የምለው አለኝ። ስለ ጽናት የሚሰጠው ምክር ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሸክሙን ከማቅለል ይልቅ ማመቻቸት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ለአባት የተሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በአራተኛውም ሌሊት፣ በመቶኛውም ሌሊት ያለቅሳል። በዚያ ሌሊት ለመነሣት አዋጅ አያስፈልግም።

በመጨረሻም፣ በጽናት የማይወጡት ነገር እንዳለ ማወቅ ይገባል። ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀን በቀን ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ካስጠላ፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ እናት ከልጇ ጋር መሆን ካስጨነቃት፣ ይህ ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በራስ ወይም በልጅ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ መቆየት አይገባም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምና የታወቀ ነው። «እብድ ይሉኛል» ብሎ መቅረት ታይፎይድን ይዞ ቤት ከመተኛት አይለይም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሆድ ቁርጠት ብቻ አይደለም።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮም ይቀቅላል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በሕይወት ላለችው፣ ለደከማት ጎረቤት ግን ድንኳን አያስፈልጋትም። በዚህ ሳምንት በደረጃ ላይ ስታገኟት «ደኅና ነኝ» ካለቻችሁ በኋላ ትንሽ ቆም በሉና «እውነትሽን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷንም ሳትቸኩሉ ስሙ።