አራቱ የሙዝ ግንዶች

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ስንቁንና ልብሱን ይዞ ይወጣል፤ የለመደውን ሁሉ ግን ይዞ ሊሄድ አይችልም። የተወውን ነገር ዋጋ በሚገባ የሚያውቀውም ባጣው ጊዜ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ የሦስተኛ ዓመት የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ ሳለሁ፣ ለሦስት ወር የተግባር ልምምድ ወደ ዩጋንዳ ዋና ከተማ ወደ ካምፓላ በተላክሁ ጊዜ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በዚያ ስቆይ ከመጽሐፍ የተማርኩት ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከአንዲት አሮጊትና ከራሴ ጥፋት ነው።

ካምፓላ የኮረብቶች ከተማ ናት። በመጀመሪያ በሰባት ኮረብቶች ላይ ተቆረቆረች ይባላል፤ ዛሬ ግን ከዚያ እጅግ ሰፍታለች። ስሟም በአካባቢው ይግጡ ከነበሩት፣ ኢምፓላ ከሚባሉት ድኩላ መሰል እንስሳት የመጣ ነው። የተከራየኋት ጠባብ ክፍል ከማኬሬሬ ኮረብታ ግርጌ፣ ዋንዴጌያ በሚባለው ሠፈር ነበረች። በኮረብታው ላይ ያለው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 በ14 ተማሪዎች የተከፈተ አነስተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። በኋላ ግን የታንዛንያው መሪ ጁልየስ ኔሬሬን የመሰሉ ሰዎች የተማሩበት ታላቅ ተቋም ለመሆን በቃ። ማታ ማታ ከዚያ የሚወርዱት ተማሪዎች በየመንገዱ ዳር ቆመው በቂጣ የተጠቀለለ የእንቁላል ጥብስ ሲበሉ አያለሁ። ምግቡን ሮሌክስ ይሉታል። ስሙ የእጅ ሰዓት ቢመስልም፣ የተጠቀለለ እንቁላል ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር የወጣ ነው ይባላል። የኪሴ አቅም ውሱን ስለ ነበረ የእኔም እራት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነበር።

ሰዓትን ካነሣሁ አይቀር፣ በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰብኝን ላውጋችሁ። የቤቱ ባለቤት ለእሑድ ምሳ ጋበዙኝ። የሚናገሩት ሉጋንዳ ብቻ ስለ ነበረ መልእክቱን በእንግሊዝኛ ያደረሰችልኝ ልጃቸው ናት፤ «በስድስት ሰዓት ናልን» አለችኝ። እኔም በሰው አገር እንዳላፍር ብዬ፣ ከአዲስ አበባ ከመነሣቴ በፊት ሰዓቴን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክዬ፣ በዚያው ማሰብን ተለማምጄ ነበር። ስለዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ታጥቤና ለብሼ በራቸውን አንኳኳሁ። ምግቡ ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበር። ለካስ በሉጋንዳም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው! ቃሉ ራሱ «ሳዋ» ይባላል፤ ከእኛ «ሰዓት» ጋር ይመሳሰላል። አገሩ ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። በመሆኑም ቀኑን ፀሐይ ከምትወጣበት ጊዜ አንሥቶ መቁጠር ለእነርሱም እንደ እኛው የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። እኔ የራሴን ጥዬ የሌላውን ስይዝ፣ ሌላው የእኔኑ ይዞ ጠበቀኝ። ሴትዮዋ ግን አልተቀየሙኝም፤ ምግቡን አሙቀው አቀረቡልኝ።

የቀረበልኝ ማቶኬ ነበር። ይኸውም ያልበሰለ አረንጓዴ ሙዝ ተልጦ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ ተድጦ ከለውዝ ወጥ ጋር የሚበላ የዘወትር ምግባቸው ነው። ቅጠሉ ሲገለጥ የወጣው ሽታ ወዲያውኑ ወደ ጉራጌ አገር፣ ወደ አያቴ ጓሮ ወሰደኝ። እናቶቻችን ዳቦውን በኮባ ሲጠቀልሉ የሚወጣውን መዓዛ የሚያውቅ ሰው ነገሬ ይገባዋል። እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ እጽዋት ናቸው። ልዩነታቸው ከሙዝ የሚበላው ፍሬው ሲሆን፣ ከእንሰት ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ቆጮና ቡላ እየሆነ መበላቱ ነው።

የአገሬ ናፍቆት ሲበረታብኝ እሑድ እሑድ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደሚበዙበት ወደ ካባላጋላ ሠፈር እሄድ ነበር። በዚያም እንጀራ ይጋገራል፤ ቡና ይፈላል። ከእኔ በፊት የመጡት ወንድሞች ብዙዎቹ ተማሪዎች ሳይሆኑ ስደተኞች ነበሩ። እኔ የምመለስበትን ቀን ቆጥሬ ስነግራቸው፣ ዝም ብለው ሲኒያቸውን ይመለከታሉ። ከዚያ ወዲህ በፊታቸው ቀን መቁጠር ተውኩ።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር። ሥራችን ስለ ሙዝ አጠውልግ በሽታ ጥናት ነው። ባክቴሪያው የያዘው ሙዝ ቅጠሉ የፈላ ውኃ እንደ ተደፋበት ይጠወልጋል፤ ፍሬው ያለ ጊዜው ይቀላል፤ ግንዱ ሲቆረጥም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። በሽታው በዩጋንዳ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ አጥፍቷል።

አንድ ቀን ኃላፊዬ አንድ ያረጀ ጽሑፍ አውጥተው፣ «ይህን ስም ታውቀዋለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስሙ የኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የዳኛቸው ይርጉ ነበር። ለካስ ይህን ባክቴሪያ በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ያስታወቁት እርሳቸውና ብራድበሪ የተባሉት ባልደረባቸው ኖረዋል፤ ያገኙትም በእኛው እንሰት ላይ ነው። በ1974 ደግሞ በዚያው በኢትዮጵያ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጽፈዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉን ሳነብ ኩራትና ኀፍረት ተቀላቀሉብኝ። የኮራሁት የአገሬ ልጅ ስም በዚያ ሩቅ ቦታ በክብር ተቀምጦ በማግኘቴ ነው። ያፈርኩት ደግሞ በአያቴ ጓሮ የደረሰውን ያን ጊዜ ማስተዋል ስለ ጀመርኩ ነው።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ የአያቴ እንሰት በአንድ ዓመት ውስጥ ተራ በተራ ደረቀ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ የጠፋው የአንድ ወቅት አዝመራ ሳይሆን የዓመታት ድካም ነበር። አያቴ የሰው ዓይን ነው አሉ። እኔ ግን ከዚያ በፊት የጎረቤት ሰዎች በቢላዋቸው ሊያግዟቸው መጥተው እንደ ነበር አስታውሳለሁ። በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው ያልጸዳ ቢላዋ መሆኑን ያን ጊዜ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በሐምሌ አጋማሽ ወደ ሙኮኖ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ወደሚኖሩ አንዲት አሮጊት ማሳ ተላክን። የአገሩ ሰው አያትን «ጃጃ» ብሎ ስለሚጠራ እኔም ጃጃ እላቸው ነበር። ጃጃ በመጀመሪያው ወረርሽኝ ሙዛቸውን በሙሉ ነቅለው ጥለው፣ መሬቱን አሳርፈው፣ እንደገና የተከሉ ሴት ናቸው። የእኔ ሥራ ከየግንዱ ቅርፊት ትንሽ ናሙና መቁረጥ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲኬድ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ ግድ ነው።

የመጀመሪያውን ግንድ ስቆርጥ ፍጹም ጤነኛ ይመስል ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ይሰማ ጀመር፤ የመስክ ረዳቱም ከዝናቡ በፊት እንድንጨርስ አቻኮለኝ። «ይህ ጤነኛ ነው፤ ምን ይሆናል?» ብዬ ቢላዋውን ሳልለበልብ ተከታዮቹን አራት ግንዶች ቆረጥሁ። ከዚያ የናሙናውን ምልክት ለመጻፍ ወደ መጀመሪያው ስመለስ፣ ከቁስሉ ቢጫ ፈሳሽ ወርዶ አየሁ። እጄ ደነዘዘ። ረዳቱ ዕቃ ይሸክፍ ስለ ነበረ አላየም። ጃጃ ከደጃቸው ሆነው ያበሰሉትን ማቶኬ እንድንቀምስ ይጠሩናል። የታመመውን ግንድ ለረዳቱ ነግሬ አስቆረጥሁት፤ የአራቱን ነገር ግን ዋጥሁት። ያን ቀን ያጎረሱኝ ምግብ አልወረደልኝም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብናገር ልምምዴ ሊቋረጥ፣ የትምህርት ቤቴም ስም ሊነሣ ይችላል። ዝም ብል ደግሞ ማንም አያውቅብኝም፤ በሽታውን ነፍሳትም ስለሚያስተላልፉት ጥፋቱ በእነርሱ ይሳበባል። አያቴን ያሰብኋቸው በዚህ ጊዜ ነው። ምናልባት ከጎረቤቶቻችን አንዱ እንዲሁ ባላወቀው ነገር አጥፍቶባቸው ይሆናል፤ እርሱ ግን አያውቅም ነበርና ምክንያት አለው። እኔ እያወቅሁ ዝም ካልሁ ምን ምክንያት አለኝ?

በማግሥቱ ለኃላፊዬ ተናገርሁ። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ይህን መናገር የሚገባህ ለእኔ ብቻ አይደለም» አሉኝ። አሥራ አራት ሰው በሚጭነው ታክሲ ተሳፍሬ፣ ከዋናው መንገድ ደግሞ ቦዳ ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጬ ከጃጃ ቤት ደረስሁ። ረዳቱ እያስተረጐመልኝ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ረዥም ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የትኞቹ ናቸው?»

አራቱን ግንዶች እየዞርሁ አሳየኋቸው። ጃጃም ከደረቀ የሙዝ ልጥ ገመድ አበጅተው በእያንዳንዱ ላይ አሰሩ። ካሣ እንድከፍል ብጠይቃቸው እምቢ አሉ። በዚያ ፈንታ በየሳምንቱ መጥቼ አራቱን እንድመረምርና የጎረቤቶቻቸውን ሙዝ እምቡጥ እንድለቅም አዘዙኝ። ነፍሳት በሽታውን የሚያስገቡት በዘለላው ጫፍ በሚንጠለጠለው ወንዴ እምቡጥ በኩል ነው። እምቡጡም የሚነሣው በቢላዋ ሳይሆን በባላ እንጨት ተጠምዝዞ ነው፤ እንጨቱ ግንዱን ስለማያቆስል በሽታ አያዛምትም። እኔም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ባላዬን ተሸክሜ ከማሳ ወደ ማሳ ስዞር ከረምሁ። የመንደሩ ልጆች «ባለ ባላው» የሚል ትርጉም ያለው ስም እንዳወጡልኝ ረዳቱ እየሣቀ ነገረኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ከአራቱ የአንዱ ቅጠል ጠወለገ። ጃጃ ቀድመውኝ አይተውት ነበር። ግንዱን ከአፈሩ ጋር አስተካክለን ቆረጥነው፤ ገጀራውንም ከምድጃው እሳት ውስጥ ከተትን። በዚያው ሳምንት ግን እኔ ፈጽሞ ያልነካሁት ሌላ ግንድም በማሳው ጫፍ ታሞ ተገኘ። ስለዚህ ጥፋቱ የቢላዋዬ መሆን አለመሆኑን ለይቶ ለማወቅ አልተቻለም። ይህንኑ ለጃጃ ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ያንተ ቢላዋ ይሁን ንብ ይሁን እግዚአብሔር ያውቃል። አንተ ባትነግረኝ ኖሮ ግን አራቱን ለይቼ አልጠብቅም ነበር፤ ይኸኛውም እስኪታወቅ ሌሎቹን ይጨርስ ነበር።» እስከ ተለየኋቸው ቀን ድረስ የቀሩት ሦስቱ ጤነኞች ነበሩ። ስሰናበታቸው «ዌባሌ ጃጃ» አልኋቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እርሳቸውም ለአያቴ ሰላምታ ላኩ።

ወደ አገሬ የተመለስሁት ለዘመን መለወጫ ነው። ለመስቀል ደግሞ እንደ ጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ አያቴ ቤት ወረድሁ። ቢላዋ ይሳላል፤ ቆጮ ይዘጋጃል። ስለ ጃጃና ስለ አራቱ ግንዶች አጫወትኋቸው፤ የዚያን ዘመን የእንሰታቸውን ሞትም ከዓይን ሳይሆን ከቢላዋ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገለጽሁላቸው። አያቴ ብዙ አሰቡና፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሁን እንጂ እውነቱን የያዘው ሰው አፉን ካልከፈተ፣ ሌላው በጨለማው ውስጥ ብዙ ይቆያል። አያቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቢላዋውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ምድጃው ሄዱ፤ ስለቱ እስኪሞቅ ድረስ በእሳቱ ላይ ያዙት፤ ከዚያም ወደ ጓሮ ወጡ።