ሳይታጠብ የቀረው ሉሕ

ዛሬ የማጫውታችሁ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለትምህርት ቤጂንግ ነበርኩ። በማደሪያችን አቅራቢያ ባለ መናፈሻ ጠዋት ጠዋት አዛውንቶች ታይ ቺ ይሠራሉ። ለዓመታት ከሰሌዳ ፊት ቆሜ በማስተማሬ ወገቤን ያመኝ ነበርና ተቀላቀልኳቸው። አሠልጣኛችን ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋ እናት ነበሩ። ያስተማሩኝም የቻይና የስፖርት ኮሚሽን በ1956 ከያንግ ስልት አሳጥሮ ያወጣውን፣ 24 እንቅስቃሴ ያለውን ቅደም ተከተል ነው። በዝግታ ሲሠራ ስድስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ተራውን በቃሌ ያዝኩና ያወቅሁት መሰለኝ። ዓይኔም ወደ ሌሎቹ ስልቶች ሄደ።

በስፋት የሚታወቁት ስልቶች አምስት ሲሆኑ በቤተሰብ ስም ይጠራሉ። ጥንታዊው ቼን ነው፤ በሄናን ክፍለ ሀገር ከቼን ቤተሰብ መንደር የወጣ ነው። በዝግታው መካከል ድንገተኛ ፍጥነት፣ መሬት መምታትና መጠማዘዝ አለበት። ያንግ ሉቻን (1799–1872) ከዚያው መንደር ተምሮ ቤጂንግ ውስጥ አስተማረ፤ የያንግ ስልት ሰፋ ያለና ፍጥነቱ ያልተዛነፈ ነው። ዉ የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ በቻይና ጽሑፍ ይለያያሉ፣ በእኛ ፊደል ግን አንድ ይሆናሉ። ሁለቱም ጠበብ ያሉ ናቸው። የመጨረሻው የሱን ሉታንግ (1860–1933) ነው፤ አንዱ እግር ሲራመድ ሌላው ተከትሎት ይመጣል። ሱን ይህን ያወጣው ግን ሌሎች የትግል ጥበቦችን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ነበር።

እኔ ይህን አላስተዋልኩም። ከጎናችን የቼንን ስልት ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ገባሁ። አንድ ቀን ዝቅ ብዬ ስዞር ሙሉ ክብደቴ ያረፈበት እግሬ ከመሬት ሳይነሳ ጉልበቴ ተጠመዘዘ። አብጦ ለሦስት ሳምንት ሶላቴን ወንበር ላይ ሆኜ ሰገድኩ።

ስመለስ አሠልጣኟ አልተቆጡኝም። «በአንድ እግርህ ቁም» አሉኝ። ተንገዳገድኩ። «ልጄ፣ ክብደትህ የትኛው እግርህ ላይ እንዳለ ሳታውቅ አምስት ስልት ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።

በዚያች ቅጽበት የመድረሳችን ኡስታዝ ትዝ አሉኝ። ሉሑ ላይ የተጻፈውን በቃል ሳናሰማ እንድናጥበው አይፈቅዱልንም ነበር። እኔም ተማሪዎቼን የምመክረው ይህንኑ ነው። ለራሴ ሲሆን ግን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ ከ24ቱ አልወጣሁም። እግሬን ከማንሳቴ በፊት ክብደቴን ወደ ሌላው ማሸጋገር፣ ጉልበቴ ከእግሬ ጣቶች አቅጣጫ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ክንዴን ከወገቤ ማዞር፤ ትምህርቴ ይህ ብቻ ነበር። ኋላ የቼን ስልት የሚሠሩትን በሌላ ዓይን ሳያቸው መሠረታቸው ያው ሆኖ አገኘሁት።

አሁን አገሬ ነኝ፤ ወገቤም አልሐምዱሊላህ ተሽሎታል። ታይ ቺ አረጋውያንን ከመውደቅ እንደሚጠብቅ በጥናት ተረጋግጧልና መውደቅ ለምትፈራው እናቴ የወንበር መደገፊያ አስይዤ ክብደት ማሸጋገርን አስጀመርኳት። ሳምንት ሳይሞላት ሰለቻትና «ልጄ፣ ሌላ ዓይነት የለውም እንዴ?» አለችኝ።

«ሞልቷል እማዬ፤ ግን ይኸኛው ሉሕ ገና አልታጠበም» አልኳት።