የአባዬ ትንፋሽ በሊትር

መቂን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ የሚያውቃት መንገደኛ በሁለት ነገር ያስታውሳታል፤ በቲማቲም ሣጥንና በሽንኩርት ጆንያ። እኛ ልጆቿ አንድ እንጨምራለን፤ ሳል። አቧራ አለ፣ የማጀት ጭስ አለ፣ ማሳ ላይ የሚረጭ መድኃኒት አለ። ያሳለና ቁና ቁና የተነፈሰ ሁሉ ደግሞ ሰፈር ውስጥ አንድ ስም ይሰጠዋል፤ «አስም ነው!» አለቀ። ማስረጃ ማን ጠይቆ?

አባዬም እንዲሁ ተሰየመ። አንድ ክሊኒክ «አስም አለብዎት» ካለው በኋላ ሰማያዊዋን ፓፍ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ዓመታት ቆጠረ። ይነፋታል፣ ለውጥ የለም። ዳማከሴም ተሞከረ፣ ያው ነው። ድሮ ሳያርፍ የሚጨርሰውን የሽንኩርት ማሳ ሦስት ቦታ እየቆመ መጨረስ ጀመረ። በወጣትነቱ ቲቢ ታሞ ታክሞ መዳኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን የዳነ በሽታ ምን ያደርጋል ብለን?

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስጄው እስፓይሮሜትሪ የሚባለውን ምርመራ አደረገ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መሣሪያውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። አፍንጫ በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ሳንባ እስኪጠግብ አየር ይሳባል፣ ከዚያ በቱቦ ባለ በሌለ ኃይል መንፋት ነው። ባለሙያዋ እንደ እግር ኳስ አሠልጣኝ ትጮሃለች፤ «ይንፉ አባቴ! ይንፉ! ይጨምሩ! አልጨረሱም!» ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ማሳውን ሙሉ ሲያዝዝ የኖረ ሰው በአንዲት ወጣት ሲታዘዝ ማየት… ብቻ ሳቄን ዋጥኩት።

ማሽኑ በዋናነት ሁለት ቁጥር ይሰጣል። አንደኛው በጠቅላላ የተነፋው አየር ነው፤ ሁለተኛው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻ የወጣው። አባዬ ከሚጠበቅበት 3.4 ሊትር የነፋው 1.9 ብቻ ነበር። ከዚያ ውስጥ 1.6ቱ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ወጥቷል፤ 84 በመቶ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ከየት እንደመጣን ሲሰማ በመቂ ቋንቋ አስረዳን፤ «አስም ቢሆን ቱቦው ይጠብና ውሃው ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። የእርስዎ ቱቦ ደህና ነው። ያነሰው ኩሬው ነው።» ዕድሜውን ሙሉ በውሃ ሞተር ሲያጠጣ የኖረው አባዬ ከእኔ ቀድሞ ገባው።

እስፓይሮሜትሪ እዚህ ላይ ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ሳንባ በሚገባ አለመስፋቱ የሚረጋገጠው ጠቅላላ መጠኑ ሲለካ ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ ሲቲ ስካን ይፈልገዋል። የአባዬ ሲቲ ያሳየው ቲቢው ትቶት የሄደውን ጠባሳ ነው።

«የሚጠበቅበት» የሚለው ቃል ግን ከነከነኝ። ማን ነው የጠበቀው? ስሌቱ ዕድሜ፣ ቁመትና ፆታ ይጠይቃል፤ ለረጅም ዘመን ዘርም ይጠይቅ ነበር። በብዙ ማሽኖች ጥቁር ለሆነ ሰው የሚጠበቀው መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ይደረግ ነበር። በዚያ ስሌት የተጎዳ ሳንባ «ለጥቁር ደህና ነው» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው! ዘር የማይጠይቅ ዓለም አቀፍ ስሌት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ የአሜሪካ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 ይኸው እንዲሠራበት መከረ።

ለአገራችንም የሳንባ ሐኪም ብርቅ ነበር። በጥቁር አንበሳ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ጠባሳ አይፋቅም። ሐኪሙ ፓፏን አስቆመ፤ በየቀኑ እንዲራመድ፣ የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት እንዲከተብ፣ መድኃኒት ሲረጭ ማሳው ውስጥ እንዳይገኝ አዘዘ። በስድስት ወሩ ተመልሶ ነፋ፤ ያው 1.9። «አልጨመረም?» አለ አባዬ። «አልቀነሰም!» አለው ሐኪሙ። ለካ ባለበት መቆምም የምሥራች ነው።

የደም ግፊት ሳይለካ «ግፊት አለብህ» የሚል ሐኪም ብናይ እንስቅበታለን። ትንፋሽ ሳይለካ «አስም አለብህ» ሲባል ግን አሜን ብለን ፓፍ እንገዛለን። ትንንሾቹ የትንፋሽ መለኪያዎች በእጅ ቦርሳ የሚገቡ ናቸው፤ በየጤና ጣቢያው ቢገኙ ስንቱ አባት ከመቂ አዲስ አበባ ድረስ ከመንከራተት ይድን ነበር! እስከዚያው እናትዎ ወይም አባትዎ «አስም» የተባሉ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፤ በምን ተለካ?