ሦስተኛዋ ሮንዴላ

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ወረኢሉ የገባሁት ለሁለት ሳምንት ብዬ ነበር። ላፕቶፔን ይዤ፣ እናቴ ቤት እየበላሁ፣ ሥራዬን በርቀት እየሠራሁ ልመለስ። በገባሁ በሳምንቱ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ነገ ይመለሳል ስል አንድ ወር ሞላ። ኮድ የምጽፍላቸው የውጭ ደንበኞች በዚያው ሌላ ሰው ቀጠሩ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ወር ሙሉ ድምፁ የጠፋ ሰው አልጠብቅም።

እንግዲህ ሥራ የለኝም፣ ኔት የለኝም፣ መንገዱም አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ይዘጋል። አባቴ ሦስት ቀን ዝም ብሎ አየኝና በአራተኛው ቀን፣ «ኢንጂነሩ፣ ና ይሄን ሞተር እናውርድ» አለኝ።

ሞተሩ የቮልሱ ነው። አባቴ ቮልሱን የገዛው እኔ ሳልወለድ፣ በ1983 ነው። ደንበኛ ስለ መኪናው አሮጌነት ሲያሾፍበት የሚመልሳት አንዲት መልስ አለችው፦ «ንጉሥ ጭኖ ያልቆመ፣ አንተን ጭኖ ይቆማል?» መስከረም 2 ቀን 1967 ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነበር። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ወደ ዙፋናቸው እንዳልተመለሱ ግን አይጨምርም።

ከቤታችን ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለች። «ቶርኖ ቤት» ነው የምንላት። አንድ የአምራቹ ስም የተፋቀበት ቶርኖ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ ቺያቤዎች። መብራት ሲኖር ወርክሾፕ ናት፤ ሲጠፋ ዶሮዎቹ ይገቡባታል። እዚያ ነው ያደግሁት፣ ግን ምንም አልተማርኩም። አባቴ «ተማር እንጂ እጅህን አታቆሽሽ» ይለኝ ስለነበር ዲግሪ ያለኝ፣ ቴስታታ እንዴት እንደሚፈታ የማላውቅ ኢንጂነር ሆንኩ።

የቮልስ ሞተር መውረዱ ቀላል ነው። ከግንዱ የሚይዙት ብሎኖች አራት ናቸው፤ እነሱ ከተፈቱ ከኋላ ጎትቶ ማውጣት ነው። አራቱ ሲሊንደሮች፣ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ፣ ተጋድመዋል። ውሃ የለም፣ ራዲያተር የለም፤ ማራገቢያ ከላይ ነፋስ ያወርድባቸዋል። ወረኢሉ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃ የማይጠጣ ሞተር ለዚህ አገር ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ግን ደጋ ላይ አየሩም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል።

ገና ሳንፈታው አባቴ፣ «ሦስተኛው ነው የታመመው። ሁሌም ሦስተኛው ነው» አለ። ፈታነው፣ እውነትም የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሏል። ላፕቶፔ ላይ ከዓመታት በፊት ያወረድኩት የጥገና መጽሐፍ ነበር፤ ምክንያቱን ከእሱ አገኘሁት። በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተገተረው ልክ ሦስተኛው ሲሊንደር ነፋስ የሚያገኝበት መንገድ ላይ ነው። ሌሎቹ ሲቀዘቅዙ እሱ ይግላል። ይህን ስነግረው አባቴ ደስ አለው፤ ሠላሳ ዓመት ያወቀውን ነገር ሰበብ አገኘለት።

ያ መጽሐፍና አባቴ ግን ቋንቋ አይግባቡም ነበር። መጽሐፉ «ፒስተን ሪንግ» ሲል አባቴ «ፋሻ» ይላል። «ስፓርክ ፕለግ» ካንዴላ ነው፤ «ፍላይዊል» ቮላኖ። ጣሊያን አገሩን ለቆ ሲሄድ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቶ ሄዷል። መሐል ሆኜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ፤ ብዙ ጊዜም እየተሳሳትኩ።

ዕቃ የምናስመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። ብራዚል የተሠሩ አራት ፒስተን ከነሲሊንደራቸው ታዘዙ። ምኒልክ በ1888 ለአድዋ ዘመቻ የሸዋን ጦር ክተት ያሉት እዚህ ከተማ ላይ ነበር፤ ያ ሁሉ ጦር በእግሩ መጥቶ ተሰብስቧል፤ የእኛ ካርቶን በመኪና አምስት ሳምንት ፈጀበት።

እስከዚያው አባቴ ቶርኖው ላይ ከነሐስ የቫልቭ መምሪያ ቀረጸ። ስንት ሆነ እንዲለኝ ካሊብሮ አቀበልኩት፤ አልተቀበለኝም። አሮጌውን መምሪያ በግራ እጁ፣ አዲሱን በቀኝ እጁ ይዞ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ነው የጨረሰው። ልክክ ብሎ ገባ። ቫልቩን ሻካራ ቅባት ቀብቶ መቀመጫው ላይ ሲያሸው ደግሞ ጭራሽ አይመለከትም፤ ጆሮውን ነው የሚያዘነብለው። ይኼ ነው ሙያ ብዬ ተደነቅሁ። አሁን ሳስበው ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ነገሩ የተበላሸው ቮላኖው ጋ ስንደርስ ነው።

ክራንክሻፍቱ ሲዞር ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ መላወስ አለበት። መጽሐፉ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ይላል፤ አንድ የፀጉር ዘለላ በሉት። ከዚያ ከጠበበ ሞተሩ ሲግል ዘይት መግቢያ ያጣና ብረት ብረትን ይበላል። ልኩ የሚስተካከለው ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ሮንዴላዎች ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ይገቡና ክፍተቱ ይለካል፤ ከዚያ 0.10 ተቀንሶ ሦስተኛዋ ትመረጣለች። ሰዓት የሚመስለውን መለኪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ፦ 0.40። ስለዚህ ሦስተኛዋ 0.30 መሆን አለባት። አባቴ የሮንዴላ ጣሳውን ከፈተ፣ አንዷን አነሳ፣ ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋት፣ «ዜሮ ሠላሳ» አለና አስገባት። ማይክሮሜትሩ አጠገቡ ነበር። አላነሳውም።

የቮላኖው ትልቅ ዳዶ የሚጠብቀው በሠላሳ ኪሎ ሜትር ጉልበት ነው። ኪሎሜትር አላልኩም፤ በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሠላሳ ኪሎ ማለቴ ነው። ልኩን የሚናገር ቺያቤ ስለሌለን ሠላሳ ኪሎ ገብስ በማዳበሪያ መዝነን ቱቦው ጫፍ ላይ አንጠለጠልነው። በሕይወቴ ፊዚክስን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። አባቴ ጁምዓ ሄደ። እኔ ዝም ብሎ የመፈተሽ ልማድ ስላለብኝ ልኩን እንደገና አየሁት። 0.04። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሦስቴም 0.04።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ዓይኑ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

«ከከረመ! ሰው ሰላም የሚለው በድምፁ ነው። ማታ ማታ መስጊድ መሄድ ያቆመው ለምን ይመስልሃል?»

ሻይ ከብርጭቆው ውጪ ሲቀዳ አይቼው ነበር። ስልክ ቁጥር «አንተ ምታልኝ» ሲለኝም፣ ዘመናዊ ስልክ አስቸግሮት ነው ብዬ ነበር።

እሱ ሳይመለስ ልጨርሰው ወሰንኩ። ገብሱን ያንጠለጠለችልኝ እናቴ ናት። ፈታነው፣ ሮንዴላዋን አወጣሁ። ከጥፍር የማትበልጥ ጽሑፍ ተቀርጾባታል፦ 0.36። ስድስቷን ዜሮ ብሎ አንብቧት ነው። ትክክለኛዋን አስገብቼ አጠበቅኩ፣ ለካሁ፣ 0.10። እጄን ታጥቤ ቡና ላይ ተቀመጥኩ። መሥሪያ ቤት እያለሁ የአለቃዬን ስህተት እንዲህ ስንት ጊዜ ዝም ብዬ አርሜያለሁ፤ ክፉ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም።

አባቴ ተመልሶ ጋቢውን ሳያወልቅ ቶርኖ ቤት ገባ። ቮላኖውን በሁለት እጁ ይዞ ገፋው፣ ሳበው። ጠቅ። እንደገና ገፋው።

«ይሄን ማን ነካው?»

ዝም አልኩ።

«ስንት አደረግከው?»

«ዜሮ አስር።»

«ስንት ነበር?»

«ዜሮ ዜሮ አራት።»

እጁን ዘረጋ። ያወጣኋትን ሮንዴላ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ወደ ዓይኑ አስጠጋት፣ አራቃት፣ ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ መለሰልኝና፣ «አንብብልኝ» አለ።

«ዜሮ ሠላሳ ስድስት።»

«እኔ የማየው ዜሮ ነው።»

ተቆጣ፤ ግን የተቆጣው ዓይኑን ስላወቅሁበት አይደለም። «እኔ እስክሄድ ጠብቀህ?» ነበር ያለው። እናቴን ደግሞ፣ «አንቺም አብረሽ?» ማዳበሪያው ገና ቱቦው አጠገብ ነበር፤ የፈሰሰውን ገብስ ዶሮዎቹ ይለቅማሉ። ያን ቀን ምሳ አልበላም። እኔም መከላከያ አልነበረኝም። ሳስበው፣ በጓደኛ ኮድ ላይ እንኳ ማን ምን እንደቀየረ ስሙ ይመዘገባል። እኔ ለአባቴ ያን ያህል እንኳ አላደረግኩለትም።

እሑድ ጠዋት፣ «ኢንጂነሩ፣ ቫልቮቹን እንሞክራቸው» ብሎ ጠራኝ። 0.15ቷን ስስ ምላጭ ከቫልቩ ጫፍ ላይ እኔ አስገባለሁ፣ እሱ በጣቱ እየሳበ ያያል። «ጠበቅ አርጋት፣ በቃ።» ከዚያ በኋላ ቁጥር ሁሉ የእኔ ሆነ፣ ጠበቀ ላላ የሚለው ደግሞ የእሱ። ማንም አልተስማማበትም፤ እንዲሁ ሆነ።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ሁለቴ አስነጠሰና ያን የሚያውቁትን የቮልስ ድምፅ አወጣ። አባቴ ከኋላ ተንበርክኮ ብዙ አዳመጠ። «ሦስተኛው ዳነ» አለ።

መንገዱ በተከፈተ ሳምንት ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ በካቤ፣ በጉጉፍቱ አድርገን። ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ ላይ ቮልሷ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ አባቴ አንድም ጊዜ ውጪውን አላየም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መቀመጫው ዘንበል አድርጎ ሞተሩን ይሰማል። ላይ ስንደርስ «አቁም፣ ትንፋሽ ትውሰድ» አለ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኛ የሞተሩን ክዳን ከፍተን ሙቀቱ ላይ እጃችንን አሞቅን።

ዓይኑ ሞራ ነበር። አንደኛው ተሠራለት፣ ሁለተኛው ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው። ቤት በገባን በማግስቱ በጠዋት ቶርኖ ቤት ውስጥ አገኘሁት። የሮንዴላ ጣሳውን ባንኮው ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳ፣ ቁጥሯን እያነበበ ለየብቻ ይደረድራል። ከ0.30ዎቹ መሐል ሁለት 0.36 አገኘ።

ጥቂት ዝም አለ።

«አምና ለካቤው ልጅ ያስገባሁት ከዚሁ ጣሳ ነው» አለኝ። «ቁልፉን አምጣ፤ ሳይመሽ እንድረስበት።»