ከኮን የታየ ፊልም

ሐያስያን አይደለንም። የፊልም ትምህርት አልተማርንም፤ የፈተና ሰሞን ካልሆነ በቀር ማታ ማታ ከመኝታ ክፍላችን ወጥተን ቴሌቪዥን ያለበት አዳራሽ የምንጎለት ሦስት የኮን ልጆች ነን። ኮን የት ነው ለምትሉ፣ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው፣ ሽማግሎቻችን እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» በሚሉት ጎዳና፣ ጋሸናን አልፋችሁ የምታገኟት የዋድላ ከተማ ናት። ብርዷን የቀመሰ አይረሳትም።

ይህን እንድንጽፍ ያስነሣን አንድ ሳቅ ነው። ባለፈው ሰሞን በአዳራሹ አንድ አስቂኝ ድራማ ይታይ ነበር። ገጠሬው ሰውዬ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። አሳንሰር ሲከፈት ይሸሻል፤ ልብስ ቤት በር ላይ ለቆመ አሻንጉሊት ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ሳቅን፤ እንዲያውም ከሦስታችን አንዱ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ይሄኔ ከፊት የተቀመጠ የአዲስ አበባ ልጅ ዞር ብሎ፣ ያለ ክፋት፣ «ያንተ ዘመድ ነው እንዴ?» አለው። የኛ ሰው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ኧረ እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ» አለ። ሁለታችን ሰማነው። አላረምነውም።

ማታ አልጋ ላይ ሆነን ነገሩን ስናመነዥክ አንድ ነገር ገባን። ያ ገጠሬ የሚናገረው አማርኛ የማንም አይደለም። ከጎጃም ትንሽ፣ ከጎንደር ትንሽ፣ ከወሎ ትንሽ ተቆንጥሮ የተቦካ፣ በየትኛውም አውራጃ ገበያ ላይ ብትሰሙት «ይህ ሰው የየት አገር ነው?» የሚያሰኝ ቋንቋ ነው። ሰላምታውም አያሳምንም። እኛ አገር ሰው ሰላም ሲል ጤናህን ይጠይቃል፣ ቤተሰብህን ይጠይቃል፣ ከብትህን ይጠይቃል፤ መልስ የማይሰጥ አሻንጉሊትማ በሁለተኛው ጥያቄ ይነቃበት ነበር። የዋድላ ገበሬ አሳንሰር ላያውቅ ይችላል እንበል። ሰውና እንጨት መለየት ግን ያውቃል እኮ!

ልብ በሉ፣ ፊልም ሰሪዎቹን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። የሳቅነው እኛ ነን።

ስለ ተመልካች ካነሣን ጎረቤታችንን ሳንጠቅስ አናልፍም። ጠላ ጠማቂ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ ከኛ ግን ብዙ ድራማ አይተዋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ብዙ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውመውት ነበር። ገበያችንን ይዘጋል አሉ፤ ባህል ይበርዛል አሉ። የገበያውን ነገር አንክድም፤ በአገር ቤት አንድ ክፍል ሠርቶ ለማቅረብ የሚፈጀው ገንዘብና ተሠርቶ ያለቀውን ድምፅ ብቻ ለመቀየር የሚፈጀው ገንዘብ እኩል ሊሆን አይችልም። የባህሉን ነገር ግን ከጎረቤታችን ቤት ሆነን ስናየው የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ መብራት ጠፋ። ስልክም ጠፋ። ለወራት አልተመለሱም። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ማታ ማታ የሰፈሩ ሴቶችና ልጆች ጎረቤታችን ቤት በኩራዝ እንሰበሰባለን፤ ብቻ መሆን ያስፈራ ነበርና። አንድ ምሽት፣ ከውጭ የሚሰማውን ላለመስማት ይመስለናል፣ አንዷ ልጅ «እትዬ፣ ያ የቱርኩ ድራማ የት ላይ ነበር የቆመው?» አለቻቸው። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ልጅ የተጣሉበት፣ አባትየው ሀብታም የሆነበት ነበር፤ ስሙን ዛሬ አናስታውሰውም። እትዬ የቆመበትን ነገሯት። ከዚያ ግን አላቆሙም። ቀጠሉት!

እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። በሳቸው ድራማ ታላቅየው አንድ ሌሊት ሽጉጥ ይዞ ይወጣና አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ ያገኙታል። አሮጊቷ የናቱን ጡት ስም ጠርተው ይገዝቱታል። በማግሥቱ የኢስታንቡል ሽማግሎች ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ልጁም ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ታናሹ እግር ላይ ይወድቃል። ልጅቱንስ? ልጅቱን «እስቲ ራሷን ጠይቋት» አሉ ሽማግሎቹ። ይህን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ወሰደባቸው። በየምሽቱ ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ አጓጊው ላይ ሲደርሱ «በሉ ተኙ» ብለው ያቆማሉ።

መብራት ከተመለሰ በኋላ እውነተኛውን መጨረሻ አብረን አየነው። ባሕር ዳር፣ ሽጉጥ፣ ሙዚቃ። እትዬ ቡናቸውን አስቀምጠው «ይህን በሚያክል ከተማ የሚያስታርቅ አንድ ሰው ይጥፋ?» አሉ። በቃ። ሌላ አስተያየት አልሰጡም። እንግዲህ ማን ማንን በረዘ?

በዘንድሮው እረፍት ወደ ኮን ስንሄድ ላፕቶፕ ይዘን፣ ላዩ ላይ ፊልሞች ጭነን ሄድን። እንደ እውነቱ ከሆነ የልጁ «የወልድያ ልጅ ነኝ» ማለት ሦስታችንንም ሲቆረቁረን ከርሟል። እስቲ ስለ ገጠር በቁም ነገር የተሠሩትን እንይ፣ ከባለቤቶቹ ጋራ እንይ አልን።

መጀመሪያ ያየነው የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። እናቱ በድርቅ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ሕፃን፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ተራራ ላይ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ቹኒ የምትባል በግ አለችው፤ አጎቱ ለበዓል ትታረድ ይላል። ልጁ ደግሞ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ይህን አይወድም። እትዬ የልጁን እጅ ሲያዩ ደስ አላቸው፤ «ይኼ ልጅ በውነት ሠርቶ ያውቃል» አሉ። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፤ እሱም ከፊልሙ ይልቅ ለሁሉም ፊልም ሰሪ የሚሆን ነው። «እነዚህ ሰዎች እኛ አገር የሚመጡት አደይ ሲፈነዳ ብቻ ነው?» እውነታቸውን ነው። በፊልም የታየ ደጋ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። የግንቦትን አቧራ፣ ገብሱን በአንድ ሌሊት የሚያቃጥለውን ውርጭ ማን ቀርጾት ያውቃል? ከዚያ አረንጓዴ ውስጥ ረሃብ ሲወጣ የከተማ ተመልካች «ይህን የመሰለ አገር እያላቸው ለምን ይራባሉ?» ቢል አይፈረድበትም።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» በማግሥቱ አየን። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ነው። ረጅም ነው፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይዘላል፤ ጀርመን አገር ያለው ክፍል ላይ ግማሹ ሰው አንቀላፋ። የመንደሩ ጎረምሶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የሚደበቁበት ላይ ሲደርስ ግን ያንቀላፋውም ነቃ። በዚያ ክፍል ማንም ምንም አልተናገረም። እኛም ከዚህ በላይ አንጽፍበትም።

ትልቁ ነገር «ቁራኛዬ» ላይ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የሞገስ ታፈሰ ሥራ ነው። ዘመኑ ከመቶ ዓመት በፊት፤ አንድ የቅኔ ተማሪ የተወሰደችበትን ወዳጁን ፍለጋ ሄዶ የባለጠጋ ሚስት ሆና ያገኛታል። ባልየው ይደርስባቸዋል፤ በዘመኑ ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በአንድ ሰንሰለት ይጓዛሉ። የቅኔ ተማሪ የሚለውን ስንሰማ ሰፈራችን ያሉትን የኔታን ጠርተን ነበር። ዋድላ ነው እኮ! ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ የቅኔ ቤት ስሙ የሚጠራ አገር ነው፤ የቅኔ ተማሪ በፊልም ሲታይ የኔታን አለመጥራት ነውር ነው።

የኔታ ላፕቶፑን እንደ ድጓ ጠጋ ብለው አዩት። የተማሪውን ለምድ አዩ፣ አረማመዱን አዩ። ብዙ ቆይተው «ይኼ ልጅ ውሻ አልነከሰውም» አሉ። ምን ለማለት ነው ብንላቸው፣ የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ» እያለ ሲለምን ያደገ ስለሆነ ወደ ሰው ግቢ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ውሻውን ነው፤ ይህ ልጅ ግን ቀጥ ብሎ ይገባል። ከዚህ የተሻለ ሂስ በየትም ጋዜጣ አላነበብንም። ስለ ቁራኛው ግን ተደሰቱ፤ እሳቸው ከአባታቸው የሰሙት በነጠላ ጫፍ መቋጠር መሆኑን፣ ሁለቱ ባለ ጋራዎች አንድ ስንቅ እየበሉ አንድ ማደሪያ እያደሩ እንደሚሄዱ፣ አንዳንዱም ዳኛው ጋ ሳይደርስ እንደሚታረቅ አጫወቱን። ፊልሙ ይህን ያውቃል። ሁለት ጠላቶች በአንድ ሰንሰለት ሲራመዱ ማንም ሳይነግራቸው እርምጃቸው አንድ እየሆነ መሄዱን ስናይ፣ ገጠሬውን ሳያስቁበት ማሳየት እንደሚቻል አመንን። እዚያ ውስጥ ያለው ባላገር ይከራከራል፣ ያስባል፣ ቃሉን ይመርጣል። አማርኛውም ባለቤት አለው።

እትዬ ግን ሁለቱ ሲታሰሩ ጀምሮ ተቁነጥንጠዋል። በመጨረሻ «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣» አሉ፤ «ሁለቱ ወንዶች ታሰሩ። እሷንስ ማን ጠየቃት?»

የኔታ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «በዚያን ጊዜ አይጠየቁም ነበር» አሉ።

«ዛሬስ?» አሉ እትዬ።

ይህን ጊዜ ላፕቶፑ ጠፋ። ባትሪው አልቆ ነው፤ መብራት በዚያ ሳምንት አልነበረም። ፊልሙ ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀረዋል። እኛ ከዚህ በፊት ስላየነው መጨረሻውን እናውቃለን፤ ልንነግራቸው አፋችንን ስንከፍት እትዬ በእጃቸው ዝም አሰኙን። እሳቱን ቆስቆስ አደረጉ፣ ለየኔታ የጠላ ዋንጫቸውን ሞሉላቸው፣ ነጠላቸውን አጣፉ። ያ የወልድያ ልጅ ነኝ ያለው ጓደኛችን ከመደቡ ወርዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«እንግዲህ ልጅቱ፣» አሉ እትዬ፣ «እነሱ በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ በቅሎዋን ጫነች...»