ውኃ የሚይዝ ገንዳ

ትልቁን ጉዳት ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ትንሹ ቀዳዳ ግን ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያፈስ ከቤተ ሰቡ ጋራ ተላምዶ ይኖራል።

እኔ በምኖርበት በቂርቆስ ሰፈር አራት ቤተ ሰቦች በአንድ ግቢ እንገለገላለን። የቧንቧ ውኃ የሚደርሰን በተራ ስለሆነ፣ በመጣልን ሌሊት የምንሞላው የሲሚንቶ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ የግቢው ሁሉ አለኝታ ነው። ነገር ግን የመውረጃው የነሐስ ከንፈር ከዘመን ብዛት ተበልቶ ስለ ነበር፣ ውታፉ ቢገጠምበትም ውኃውን አልይዝ አለ። የሚፈሰውን በጣሳ ለክቼ ባሰላው በየ4 ደቂቃው 1 ሊትር ይወርዳል፤ በዚሁ መጠን ከፈሰሰ 40 ሊትር ውኃ 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። በሌሊት የተቀዳው ሳይነጋ ስለሚሄድ፣ ጧት ልብስ ልታጥብ የምትነሣን እናት የሚጠብቃት ባዶ ገንዳ ነበር።

ለመጠገን በተነሣሁ ጊዜ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «ልጄ፣ ለሚፈርስ ቤት ምን ያደክምሃል?» አሉኝ። ነገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። አጠገባችን ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ኢጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸውና «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. የዚያ ሰፈር ብዙ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር በዓይናችን አይተናል። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ምስማር እንኳ የሚመታ ሰው ጠፍቶ ነበር። እኔም «እማማ፣ ቤቱ የሚፈርስበትን ቀን አላውቅም፤ ውኃው ግን ዛሬ ሌሊት ይመጣል» ብዬ መለስኩላቸው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ውታፍ በተበላ ቀዳዳ ውስጥ በኀይል ቢወተፍ የሚነካው ጥቂቱን ስፍራ ብቻ ነው፤ በቀረው ክፍተት ውኃው ያመልጣል። ስለዚህ ቀዳዳውን መወተፍ ትቼ በላዩ መክደንን መረጥኩ። በመጀመሪያ በቀዳዳው ዙሪያ የተጋገረውን ሳሙናና ዝቃጭ ፍቄ፣ ስፍራውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ቀጥሎም ከአንድ ጎሚስታ ያገኘሁትን አሮጌ ከመነዳሪ ከቀዳዳው በሁሉም ወገን ሦስት ጣት ያህል እንዲሰፋ አድርጌ በክቡ ቆረጥኩ፤ ለማንሻ የሚሆን ትንሽ ጆሮም ተውኩለት። ላስቲኩ በመካከሉ እንዳይሰረጉድ ጠፍጣፋ ብረት ጫንኩበት። ውኃው በጨመረ መጠን ላስቲኩን ወደ ታች አጥብቆ ስለሚጫነው፣ ሊያመልጥ የነበረው ውኃ ራሱ የበሩ ዘበኛ ይሆናል።

በዚያ ሌሊት ገንዳውን ሞልተን በውኃው ልክ በከሰል ምልክት አደረግሁ። ሲነጋ ውኃው ከምልክቱ እምብዛም አልራቀም። አሮጊቷም «እጅህ ይባረክ» ብለው ባልዲያቸውን አቀረቡ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለዘላቂ ንብረት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ነገ የምንለቀው ቤትም ሆነ ለሌላ የምናስረክበው ወንበር፣ እስክንለቀው ድረስ በእጃችን ያለ አደራ ነው። የቆይታችን ማጠር ከኛ የሚጠበቀውን ሥራ አይቀንሰውም።