የኮማ ዋጋ

ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ዲክቴሽን ሲያነቡልን ከአፋቸው ሌላ ጫማቸውም ይናገር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «ኮማ»፣ «ፉል ስቶፕ» እያሉ በቃል ይነግሩን ነበር። አንድ የወንበር ጓደኛዬ የሰማውን አንድም ሳያስቀር፣ ኮማውንም በፊደል ጽፎ አስረከባቸው። ከዚያ ወዲያ ምልክቱን መጥራት ተዉ። ኮማ ሲሆን አንድ እርምጃ ቀስ ይላሉ፤ ፉል ስቶፕ ሲሆን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ጆሯችን የሳቸውን ኮቴ ተከትሎ ነጥብ መጣል ለመደ።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ነርስ ናት፤ አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ልትፈተን ነው። የጽሑፉ ክፍል 60 ደቂቃ አለው፤ አንዱ ድርሰት ቢያንስ 150 ቃል፣ ሌላው 250። ሥርዓተ ነጥቡ ከሰዋስው ጋር አብሮ ይታረማል። የክፍያው ነገር አይነሳ፤ የወር ጡረታዬ አይደርስበትም። የልምምድ ድርሰቷን ባየው ፉል ስቶፕ አንድ ብቻ፣ እሱም መጨረሻው ላይ። ኮማው እንደ ተልባ ተበትኗል። «ስልኬ እኮ ራሱ ነው የሚያስተካክለው ጋሼ» አለችኝ። የፈተናው ኮምፒውተር ግን አያስተካክልም።

በኛ ጊዜ የኮማ ዋጋ ግማሽ ማርክ ነበር። በስቴንስል ተባዝቶ ቀለሙ ገና የሚሸት ወረቀት ይታደለናል። በላዩ ላይ ካፒታልም ነጥብም የሌለው፣ እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ የሆነ አንቀጽ አለ። ትንፋሹን ፍለጋ ሁላችንም በሹክሹክታ ስናነብ ክፍሉ የንብ ቀፎ ይመስላል። አንድ ጊዜ አፖስትሮፊዋን ከኤስ በፊት ማስቀመጥ ሲገባኝ በኋላ አስቀመጥኳት። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ከበቡና «የአንዱን ልጅ መጽሐፍ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አከፋፈልከው» አሉኝ። ያቺን ግማሽ ማርክ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ዛሬ ብሔራዊው ፈተና ምርጫ ነው። ከአራቱ ትክክለኛውን ለይቶ ማጥቆር፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆነም መጫን ነው። ተማሪው በገዛ እጁ አንዲት ኮማ ሳያስቀምጥ ሊያልፍ ይችላል። በቴሌግራም ደግሞ ነጥብ ሌላ ትርጉም አውጥቷል። ለእህቴ ልጅ «እሺ።» ብዬ ብመልስላት «ምነው ጋሼ፣ ተቆጡ?» ትለኛለች። አራት ነጥብ የኩርፊያ ምልክት ሆኗል።

የኛንም ዘመን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አልፈልግም። የሰው አንቀጽ ነጥብ ስንለቅም ኖርን እንጂ የራሳችንን አንቀጽ እምብዛም አልጻፍንም። ሴሚኮለንን እንደ ጅብ ስለምንፈራት አጠገቧ አልደረስንም። በእንግሊዝኛ የምንጽፍለት ሰው ቢኖር ያ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን ደብሊን ካለች ጓደኛዋ ጋር በየቀኑ በእንግሊዝኛ ትጻጻፋለች፤ መልስም ይመጣላታል። ኮማዋ ለምን እንደሚበዛም ከአንድ ቪዲዮ በአሥር ደቂቃ ተምራ እኔኑ አስተማረችኝ። አማርኛችን «ሄዳ፣ አይታ፣ ገዝታ» እያለ ማሰሪያ ግሱን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል፤ አራት ነጥቡ ሩቅ ነው። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱና ግሱ ተሟልተው ሐሳቡ ራሱን ከቻለ፣ ማያያዣ ከሌለ በቀር በኮማ ብቻ ቀጥል አይልም። ካፒታልም ቢሆን ትልቅና ትንሽ «ሀ» ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነው። አማርኛ የማያውቁት መምህራችን ይህን ከየት አምጥተው ይንገሩን?

እኔም በተራዬ ድርሰቷን ይዤ ሳሎን ውስጥ እየተራመድኩ አነበብኩላት። አንድ ፉል ስቶፕ ብቻ ስለነበር የምቆምበት አጥቼ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ሳቀች፤ ቁጭ ብላም አሥራ አንድ ነጥብ አስገባች።

እኔም ብሆን ነጥብ ጥያለሁ። አባቴ በደብዳቤያቸው በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር፤ እኔ ትቼዋለሁ፣ ማርክ የቀነሰብኝም የለም። ትእምርተ ስላቅንም፣ ያቺን በአፍጢሟ የተተከለች ቃለ አጋኖ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ያስታወስኳት በዚያው ምሽት ነው። የእህቴ ልጅ ያን ሁሉ ትምህርት ወስዳ ስታበቃ «ጋሼ ደህና ገባሁ ነገ እደውላለሁ አመሰግናለሁ» የሚል ምንም ምልክት የሌለው መልእክት ላከችልኝ። «ጎበዝ¡» አልኳት።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ቃለ አጋኖውን ገልብጦታል» ብላ መለሰች። ኮማዋ ቦታዋን ይዛለች። መጨረሻው ላይ ነጥብ የለም፤ አለመቆጣቷ ነው።